ከመዝገብ የጎደለው ሳቅ

የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ክፍል ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት የሠራውን ሰው ባልደረቦቹ «ቅንፍ» ይሉታል። በክፋት የወጣ ስም አይደለም። ስብሰባ በተደረገ ቁጥር የአዳራሹ ድምፅ ተቀድቶ ወደ እሱ ጠረጴዛ ይመጣል። እሱም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ በቀኝ እግሩ የማጫወቻውን መርገጫ እየረገጠ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይሰማል፤ ያቆማል፤ ይጽፋል፤ ትንሽ ወደ ኋላ መልሶ ደግሞ ይሰማል። የተባለውን እንደተባለ መጻፍ የማንም ጸሐፊ ሥራ ነው። የቅንፍ ሙያ ያልተባለውን መጻፉ ላይ ነበር። አዳራሹ ሲያጨበጭብ (ጭብጨባ)፣ ሲያጉረመርም (ጉርምርምታ)፣ ሲስቅ (ሳቅ)፣ በጣም ሲስቅ (ሞቅ ያለ ሳቅ)። ከእነዚህ ሌላ በቅንፍ ማስገባት በመመሪያ ክልክል ነው። አንድ ጊዜ አንድ የተከበሩ አባል ሲናገሩ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ማንኮራፋት ቁልጭ ብሎ ተሰማና «ይኼንንስ ምን ልበለው?» ብሎ የክፍሉን ኃላፊ ጠየቃት። «ጉርምርምታ በለውና እለፈው» አለችው።

ሃያ ሦስት ዓመት የሰው ሳቅ የሰማ ጆሮ ደግሞ እንደ ማንም ጆሮ አይደለም። ቅንፍ እንደሚለው የፍርሃት ሳቅ ከፊት ወንበር ይነሳል፤ አንድ ላይ ይጀምራል፤ አንድ ላይም ያልቃል፤ ቧንቧ ተከፍቶ እንደተዘጋ ነው። የልብ ሳቅ ግን ይዘገያል። እዚህም እዚያም ፍርፍር ይላል፤ ሁሉም ጨርሶ ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ አንድ ሰው ጥግ ላይ ራሱን መግታት አቅቶት ይቀራል። ያ ወደ ኋላ የቀረው ሰው ነው የሳቁ ምስክር። ምስክር የሌለው ሳቅ ለቅንፍ ሳቅ አይባልም፤ ይጽፈዋል እንጂ አያምነውም።

ይህ ሰው የሦስት መሪዎችን ንግግር በጆሮው አሳልፏል። የመጀመሪያው በሥልጣን ዘመናቸው አንድ ጊዜ ብቻ ቀልደዋል፤ ቀልድ መሆኑ የታወቀው ግን ከሳምንት በኋላ ነው። ሁለተኛው የሚቀልዱት ሊሽሩት ባሰቡት ሰው ላይ ብቻ ስለነበር የአንድ ሹም ስም በቀልድ ሲነሳ ቤተሰቡ ዕቃ መጠቅለል ይጀምር ነበር። ሦስተኛው፣ ማለትም የአሁኑ፣ በየወሩ ምክር ቤት ቀርበው ለጥያቄ መልስ ሲሰጡ ሁለት ሦስት ቀልድ ጣል ያደርጋሉ። መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ ትንሽ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ይናገራሉ። አገሩ ሁሉ «ጨዋታ አዋቂ ናቸው» ይላቸዋል። ቅንፍ በበኩሉ፣ አዋቂ ይሁኑ አይሁኑ፣ ቤቱን ባይነኩበት ኖሮ ግድም ባልሰጠው ነበር።

የነኩበትን እንንገር። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪ ደንብ ልብስ እቤቷ ትሰፋለች፤ የስፌት መኪናዋ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ባልና ሚስት ሁለቱም በእግራቸው እየረገጡ ነው ኑሯቸውን የሚገፉት። የተገናኙትም በስፌት ነው። ያኔ ገና አዲስ ተቀጣሪ ሳለ ሱሪው ከኋላው ተተርትሮበት ወደ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ሮጦ ገባና ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆመ። ከደንበኛ ልብስ ሥር ተንበርክካ ጠርዝ የምትለካ አንዲት ልጅ ቀና ብላ «ምን ሆነሃል?» አለችው። «በኋላ በኩል ክፍተት ተገኝቷል። እስኪዘጋ ድረስ ለሕዝብ ጀርባዬን አልሰጥም» አላት። ልጅቷ በከንፈሯ የያዘቻቸው ስፒሎች ሁሉ መሬት ላይ ተበተኑ። ሆዷን ይዛ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ባለሱቁ ተቆጥቶ፣ ደንበኛዋ ልብሷን ሰብስባ ሄዳ፣ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ እንኳ እሷ ገና አልጨረሰችም ነበር። ቅንፍ ተንበርክኮ ስፒል ሲለቅምላት፣ ያን ሳቅ ዕድሜ ልኩን ሊሰማ ቆረጠ።

ዕድሜ ልክ ግን ረጅም ነው። ቀልድም እንደ ሱሪ ያልቃል። መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ ከዚያ ፈገግ ትል ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ «ሰምቼዋለሁ» ማለት ጀመረች። ቅንፍም ክፉኛ አልተከፋም። የሁሉም ቤት እንዲህ ነው፤ ትዳር ሲበስል ሳቅ ይቀንሳል ብሎ ራሱን አጽናና። እንዲህ ብሎ በሰላም የሚኖር ሰው ነበር።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ከሥራ ሲመለስ በሩን ሳይከፍት ያን ሳቅ ሰማው። ቁልፉን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ደርቆ ቀረ። መጀመሪያ የመሰለው እህቷ መጥታ የሚጫወቱ ነው። ከፍቶ ሲገባ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። መኪናዋ ቆማለች፤ ሚስቱ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ በሌላኛው እንባዋን እየጠረገች ትንፈራፈራለች። ቴሌቪዥኑ ላይ መሪው መነጽራቸውን መልሰው እያደረጉ ነው።

«ወይ እሳቸው!» አለች። «ሰማሃቸው? ወይ እሳቸው!»

ሰምቷቸዋል እንጂ! ጠዋት በማዳመጫ አራት ጊዜ እየመለሰ ሰምቷቸዋል። ቀልዱ ይህ ነበር፦ «በየስብሰባው የሚያንቀላፉ የሥራ ኃላፊዎች በዝተዋል። ከእንግዲህ የሚያንቀላፋ ኃላፊ ትራሱን ከቤቱ ይዞ ይምጣ፤ መንግሥት ያዘጋጀው ወንበር እንጂ አልጋ አይደለም።» አዳራሹ የሳቀው አራት ሰከንድ ነው፤ አንድ ላይ ጀምሮ አንድ ላይ ጨረሰ፤ ወደ ኋላ የቀረ ሰው አልነበረም። የቀረችው ሴት እዚህ ናት፤ የራሱ ቤት፣ የራሱ መስኮት ሥር። ቀኝ እግሩ ሳያውቀው ወለሉን ተጫነ፣ ድምፁን ወደ ኋላ መልሶ ሊሰማ እንደፈለገ ሁሉ። ቆሽቱ አረረ።

ሰው በጎረቤት ቢቀና ወግ ነው፤ በባልደረባ ቢቀናም ያለ ነው። በአገር መሪ መቅናት ግን ምን ይሉታል? ለማንስ ይነገራል? ሰውዬው ሠራዊት አላቸው፣ ግቢ አላቸው፣ ከፊት ከኋላ የሚያጅባቸው መኪና አላቸው። ያ ሁሉ ይቅር፤ ቅንፍ በዚያ ላይ ዓይኑን አልጣለም። እሱ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውዬው ሳያውቁት በቴሌቪዥን በኩል ገብተው ያንኑ ወሰዱበት። ደግሞ ለእሳቸው «እሳቸው»፣ ለእሱ «አንተ»! ሃያ ዓመት ያልከነከነው «አንተ» ያን ቀን ከነከነው።

እራት ላይ ሊያስረዳት ሞከረ። «አየሽ» አላት፣ «ፈርተው ነው እኮ የሚስቁት። የሥልጣን ቀልድ ቀልድ አይደለም። የኔ አለቃ እንኳ ብታስነጥስ የሚስቅላት አይጠፋም።»

«እኔን ማን አስፈራራኝ?» አለች ሚስቱ። «ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በሬን ዘግቼ፣ መኪናዬን አቁሜ ነው የሳቅኩት። ባልስቅ ማን ይከሰኛል?»

የፍርሃቱን ሳቅና የልቡን ሳቅ እየለየ፣ ሰከንዱን እየቆጠረ፣ ስለ ፊት ወንበሩና ስለ ቧንቧው ነገራት። እስኪጨርስ ጠበቀችውና «አንተ ሰውዬ፣ ሳቅ ስትለካ ሳቅ አለቀብህ» ብላ ሳህኑን አነሳች። በማግስቱ እራት ላይ መነጽሩን አወለቀ፤ ትንሽ ዝም አለ፤ ከዚያ አንድ ቀልድ ተናገረ። «ዓይንህን አመመህ እንዴ?» አለችው።

እንግዲህ ጥፋቱ የመጣው ከዚህ ነው። የዚያ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የመጨረሻ ንባብ ላይ ነበር። ከትራሱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ (ሳቅ) የምትለዋ ቃል ራሱ በጻፋት ቦታ ቁጭ ብላ ታየችው። ማዳመጫውን አደረገ። አራት ሰከንዱን ደግሞ ሰማ። ይህ ሳቅ አይደለም፣ ድምፅ ነው አለ በልቡ፤ ሃያ ሦስት ዓመት ድምፁን ሁሉ ሳቅ እያልኩ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ሰረዛት። ቅናት መቼም ሰበብ አያጣም፤ ሲያሻው እውነትንም ይለብሳል። ኃላፊዋ የእሱን ሥራ አንብባ ፈርማ አታውቅም፤ ከልብ ስለምታምነው ዝም ብላ ትፈርማለች። ያኔም ፈረመች።

ቃለ ጉባኤው እንደተለመደው ታትሞ ለየመሥሪያ ቤቱ ተሰራጨ፤ ከላዩም እንደተለመደው «ለአፈጻጸም» የሚል ማኅተም ነበረበት። (ሳቅ) የሌለው ቀልድ ምን እንደሚባል ቅንፍ እንኳ አላሰበውም ነበር። መመሪያ ይባላል! አንድ በጣም ታዛዥ የሆነ መሥሪያ ቤት በሦስተኛው ቀን «ትራስ ይዞ ስለመቅረብ» የሚል የውስጥ ማስታወሻ አወጣ። አንዱ ክፍል የትራሱ ልክ እንዲገለጽለት በደብዳቤ ጠየቀ። ሌላው ደግሞ የማያንቀላፉ ኃላፊዎችም ይዘው ይምጡ ወይስ የሚያንቀላፉት ብቻ የሚለው ግልጽ እንዲደረግ አሳሰበ፤ የሚያንቀላፋው ብቻ ይዞ ይምጣ ቢባል ማን ይዞ ይገባል? ስለዚህ ለጥንቃቄ ሁሉም ያዙ። በሳምንቱ ሰማንያ ሁለት የሥራ ኃላፊዎች ሰማንያ ሁለት ትራስ ታቅፈው ስብሰባ ተቀመጡ። አበባ ያለበት ነበር፤ ዳንቴል ያለበት ነበር፤ አንዱማ የልጁን ይዞ መጥቶ ጥንቸል ተስሎበት ነበር። አንድ ሰው ፎቶ አነሳ። ማታውኑ ፎቶው ያልደረሰበት ስልክ አልቀረም።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊዋ ወረቀቱን ይዛ ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል። «ጉዳችን ፈላ!» አለች። «ሳቁ የታለ? ቅንፍ፣ ሳቁን ምን አደረግከው?»

«አልነበረም» አላት።

«ምን ማለትህ ነው አልነበረም? አገር ሰምቶት!»

«ድምፅ ነበር። ሳቅ አልነበረም።»

ኃላፊዋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ራሷን ያዘች። «አንተ ለጡረታ ሰባት ዓመት ሲቀርህ ፈላስፋ ሆንክብኝ» አለች። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። የጻፈው ሰው ራሱ ይምጣ ተባለ። ወደ እሳቸው ቢሮ።

ቅንፍ በሦስት በር ተፈትሾ ገባ። የጠበቀው ትልቅ አዳራሽ ነበር፤ ያስገቡት ግን ትንሽ ክፍል ነው፤ ከትልቁ ክፍል ጀርባ ያለች፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ተቀድቶ ሳይጠጣ የቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ሻይ። መሪው ወረቀቱን ይዘዋል። በቴሌቪዥን ከሚታዩት ያጥራሉ። ይህን ሲያይ ለአንድ አፍታ ደስ አለው። እንዴት ያለ ሰው ነው በሉ፤ ሊባረር ይሁን ሊታሰር ሳያውቅ የሰውዬውን ቁመት ይለካል!

«ይኼን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ክቡርነትዎ።»

«ስንት ዓመት ሠራህ?»

«ሃያ ሦስት።»

«በሃያ ሦስት ዓመት ስንት ሳቅ ረሳህ?»

ቅንፍ አሰበ። «አንድ» አለ።

«ይኼን ብቻ?»

«ይኼን ብቻ።»

«እንግዲያው አልረሳኸውም» አሉ መሪው። «ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። መዋሸት አልቻለም፤ ደግሞም ከልቡ ሊነግራቸው ፈልጎ ነበር። ለሚስቱ የነገራትን ሁሉ ነገራቸው፤ ስለ ፊት ወንበሩ፣ ስለ አራቱ ሰከንድ፣ ወደ ኋላ ስለሚቀረው ሰው። ይናደዳሉ ብሎ ጠበቀ። መሪው ግን ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ የሐኪም ውጤት እንደሚነገረው ሰው ዝም ብለው አዳመጡ።

«ሁልጊዜ እንዲያ ነው?» አሉ።

«ብዙውን ጊዜ፣ ክቡርነትዎ።»

«እኔም ይመስለኝ ነበር» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ትናንት የትራሱን ፎቶ ሳሳይ ነበር፤ ማለቴ ለባለቤቴ። ጥንቸሉን አይተሃል? እኔ ሳቅኩ። ብቻዬን። ከኔ ቀልድ ያንተ ስርዝ በለጠ፤ ይኼን ልነግርህም ነበር የጠራሁህ። ባለቤቴ ግን ቀና ብላም አላየች። እቤት የምናገረውን ሁሉ 'ሰምቼዋለሁ' ነው የምትለኝ።»

የቅንፍ ቀኝ እግር ምንጣፉን ተጫነ። በትክክል ሰምቶ እንደሆነ ለማወቅ መልሶ መስማት ፈልጎ ነበር።

መሪው ዞሩ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ አሁን ግን ቀልድ አልተናገሩም። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትፍራኝ። ጆሮህ ደህና ጆሮ ነው። በዚያ በትራሱ ነገር ከልቡ የሳቀ ሰው አለ? ብዙ አልፈልግም። አንድ ሰው።»

ቅንፍ አያት። ቁልጭ ብላ ታየችው፤ መኪናዋን አቁማ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ። «አለች፣ ክቡርነትዎ፤ ባለቤቴ ናት፤ ልትሞት ነበር» ቢል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህ ትልቅ ሰው እንደ ልጅ ዓይን ዓይኑን እያየው ነው። ሊናገር አፉን ከፈተ። ግን አዳራሹን ይስጡኝ አላለም፣ አገሩን ይስጡኝ አላለም፤ ይህቺን አንዷን ደግሞ በእጁ አንስቶ፣ «እንኩ» ብሎ ይስጣቸው?

«የለም፣ ክቡርነትዎ» አለ። «አንድም።»

መሪው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «አመሰግናለሁ» አሉ። «ከነገሩኝ ሁሉ ደፍሮ የነገረኝ አንተ ነህ። ሳቁን ግን መልሰህ አስገባልኝ፤ ሰዎቹ ትራሳቸውን ወደ ቤት ይመልሱ።»

ቅንፍ ደረጃውን የወረደው እንደ ድል አድራጊ ነው። አልተባረረም፤ አልተገሠጸም፤ ጭራሽ ተመሰገነ! ኃላፊዋ ስታየው አቅፋ ሳመችው። ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ እያፏጨ ነበር፤ ለሚስቱ ግን «ትንሽ የእርማት ነገር ነበር» ከማለት በቀር ምንም አልነገራትም።

የሚቀጥለው ወር መጣ። መሪው ምክር ቤት ቀረቡ። በማግስቱ ቅንፍ በኩራት ማዳመጫውን አደረገ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያዳምጥ ቁጥር፣ መቶኛ፣ ቀን፣ ዕቅድ፣ አፈጻጸም። መነጽራቸውን አንድ ጊዜ ሳያወልቁ አልቀሩም፤ ጠረጴዛ ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። አዳራሹ ቀልድ መጣ ብሎ ትንፋሹን ያዘ። እሳቸው ግን «ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ» ብለው አለፉ። በአጠቃላይ ቃለ ጉባኤው ውስጥ አንድም (ሳቅ) አልነበረም። እውነተኛ ቃለ ጉባኤ፤ ደረቅ እንጨት።

ያን ዕለት አመሻሽ እቤቱ ሲገባ ሚስቱ መኪናዋን አቁማ፣ ክር በጣቷ እንደጠቀለለች ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ ነበር። እስከ መጨረሻው ጠበቀች። «ምን ነካቸው?» አለች። «አሟቸው ይሆን?»

«ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» አለ ቅንፍ።

በሁለተኛው ወርም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ወር ሚስቱ መኪናዋን ማቆም ተወች፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትረግጣለች። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የመርፌው ድምፅ ብቻ ሆነ፤ ጠዋትም፣ ቀንም፣ አመሻሽም። ቅንፍ አሁን ገና ያደረገው ነገር ገባው። ሳቁ የሌላ ሰው ቢሆንም እቤቱ ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ይሰማው ነበር። ያ ሳቅ አቃጥሎታል፤ አንጀቱን አሳርሮታል፤ ግን ያው የጥንቱ ሳቅ ነበር፤ የስፒሎቹ ሳቅ። አሁን እሱም የለው፣ ሰውዬውም የላቸው፣ እሷም የላት። ሌባ የሰረቀውን ይዞ ይሄዳል፤ ቅንፍ ግን የሰረቀውን አጥፍቶ ባዶ እጁን ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሌት ተቀን ቀልድ ያስብ ጀመር። አሮጌ አይደለም፤ አዲስ። በመንገድ፣ በምሳ ሰዓት፣ ማዳመጫውን አድርጎ ሰው ስለ በጀት ሲያወራ። አንድ ሰኞ አንድ ጥሩ አገኘ። የመሥሪያ ቤታቸው አሳንሰር ከስንት ወር በኋላ ተጠግኖ ነበርና እቤቱ እንደገባ ኮቱን ሳያወልቅ ነገራት፤ «አሳንሰራችን ተጠገነ፤ ግን ለጊዜው የሚሠራው ወደ ታች ብቻ ነው። እስካሁን አንድም ባለሥልጣን አልገባበትም።»

ሚስቱ ቀና አላለችም። «ሰምቼዋለሁ» አለች።

ከየት ትሰማዋለች? ከአንድ ሰዓት በፊት የተወለደ ቀልድ ነው! ቅንፍ ኮቱን እንደለበሰ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ቀልዶቹ አርጅተው እንዳልነበረ ያኔ ገባው። ለእሷ ያረጀው አፉ ነው። ከዚህ አፍ የሚወጣ ሁሉ የተሰማ ነው፤ ነገ የሚናገረውም የተሰማ ነው። ከዚህ የባሰ ቅናት አልደረሰበትም፤ አሁን የቀናው በገዛ ቀልዱ ነው። በሌላ ሰው አፍ ቢሆን ኖሮ የት በደረሰ!

ሐሙስ ዕለት ሲገባ በመኪናዋ ጠርዝ እየሰፋች ነበር፤ አምስት ስድስት ስፒል በከንፈሯ ነክሳለች። ቆሞ አያት። ከዚያ መነጽሩን ሳያወልቅ፣ ዝምም ሳይል፣ እንዲያው ወሬ እንደሚያወራ ሰው ጀመረ።

«ዛሬ እሳቸው ከስብሰባው በኋላ፣ ከመዝገብ ውጪ፣ ምን አሉ መሰለሽ?»

«እሳቸው» ብሎ አያውቅም ነበር። የመኪናዋ ድምፅ ቆመ። ሚስቱ ዓይኗን አነሳች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ፊት ለፊት አየችው።

«የምክር ቤቱ አሳንሰር ተጠገነ ብለው ሲነግሯቸው፣ ግን ለጊዜው የሚሠራው ወደ ታች ብቻ ነው ሲሏቸው፣ 'እንግዲያው ባለሥልጣን የሚባል ድርሽ አይልበትም' አሉ።»

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ዘገየ። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከንፈሯ ተከፈተ፤ ስፒሎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሆዷን ይዛ ጎንበስ አለች። ቅንፍ ቆሞ ሰማ፤ ቀኝ እግሩ ወለሉን ሲጫን አላቆመውም። እንባዋ ፈሰሰ፤ አበቃ ሲባል ደግሞ ተነሳባት፤ አበቃ ሲባል ደግሞ ተነሳባት። የሳቁ ምስክር እዚያው ነበረች።

«ወይ እሳቸው!» አለች ትንፋሿ ሲመለስ። «አልነገርኩህም? ደህና ናቸው ማለት ነው! እኔ እኮ አሟቸዋል ብዬ…» ጉንጯን በተማሪ ሸሚዝ ጫፍ ጠረገች። «እንዲህ ያለ ባል ያላት ሴት ታድላ! እሷማ ስቃ ስቃ ነው የምትኖረው።»

ቅንፍ ተንበርክኮ ስፒሎቹን መልቀም ጀምሮ ነበር። ያቺ የታደለች ሴት እቤቷ ምን እንደምትል ያውቃል። ያ ብቻ ሳይሆን ቀልዱ የማን እንደሆነም ያውቃል። ሁለቱንም ቢናገር ሳቁ ያልቃል።

«መቼም ታድላለች» አለ።

«ሌላስ?» አለች ሚስቱ፣ ከወንበሯ ወደ እሱ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗ እያበራ። «ሌላስ ምን አሉ? ንገረኝ እንጂ!»

«ቆይ፣ ላስታውስ» አላት፤ ከእግሯ ሥር እንደተንበረከከ፣ አንድ አንድ ስፒል እያነሳ፣ ሌላ ማሰብ ጀመረ።